ብዙ ሰው ጠርቶ በሰላም መሸኘት

(የማኅበራችንን የዐሥረኛ ዓመት በዓል በበጎ ፈቃድ ለማስተናገድ ለተመዘገቡ አባላት በተጠራው ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)




የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ትልቅ ዝግጅት እንዴት እንደሚታቀድና እንዴት እንደሚመራ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በማኅበራችን ታሪክ ከሁሉ የከፋውን ዝግጅት የመራሁት እኔ ነኝ። በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው፣ ተሳክቶለት ከሚያስተምር ሰው ይልቅ ተሳስቶ የተማረ ሰው ቢናገር የበለጠ ይጠቅማል ብዬ እሺ አልኩ።

ስለዚህ ከስሕተቴ ልጀምር።

ማኅበራችን በተመሠረተ በሦስተኛው ዓመት ለእንቁጣጣሽ በዓል አንድ አዳራሽ ተከራየን። ስፋቱ 6,000 ስኩዌር ጫማ ነበር። አከራዩ የሰጠን ወረቀት አዳራሹ 850 ሰው ይይዛል ይላል። እኛም ጠንቃቆች ነን ብለን 700 ቲኬት ብቻ አሳተምን፤ ሁሉም ተሸጠ። በደስታ ብዛት አገር ጠበበን። በዕለቱ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገና 450 ያህል ሰው እንደ ገባ፣ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው መጣ። ጠረጴዛዎቹን አየ፤ መድረኩን አየ፤ ግድግዳ ተደግፈው የሚበሉትን አየ። ከዚያም "በወንበር ብቻ ቢሆን 850፣ በጠረጴዛ ከሆነ ግን 400 ነው፤ ከእንግዲህ አንድ ሰው አይገባም" ብሎ በሩን አዘጋን።

በውጭ በኩል ቲኬት የያዙ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ቆመዋል። ዝናብ ይዘንባል። ከሰዎቹ መካከል የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከፎርት ወርዝ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ነጠላቸው በስብሷል። በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ ስጠይቅ ትክ ብለው አዩኝና፣ "ልጄ፣ ለቆሎ ተማሪ እንኳ በር አይዘጋም" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጆቹን ሰብስበው ሄዱ።

ገንዘቡን መለስን። ማኅበሩ በሦስት ዓመት ያጠራቀመው በአንድ ሌሊት አለቀ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በኋላ ተተክቷል። ያልተተካው የሰው እምነት ነው። በዚያ ሌሊት በዝናብ የተመለሱ ቤተሰቦች ለዓመታት በደጃችን አልደረሱም። ዛሬ እናንተን እዚህ ያስቸገርኩት ይህ እንዳይደገም ነው።

ድግስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

አንዳንድ ወዳጆቼ "እኛ ሐበሾች ዝግጅት አንችልም" ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ይህን አልቀበልም። በአፄ ምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራው እየገባ ይበላ ነበር። ይህ የሚሆነው ሥራው ሁሉ ባለቤት ስለ ነበረው ነው። አጋፋሪው በሩን ይጠብቃል፤ ማን መቼ እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። አሳላፊው ምግቡንና መጠጡን ያሳልፋል። የወጥ ቤቱም የጠጅ ቤቱም ኃላፊ ለየብቻ ነው። አጋፋሪው ጠጅ አይቀዳም፤ ጠጅ ቀጂውም በር አይጠብቅም።

ዕድራችንም እንደዚሁ ነው። ሌሊት ጡሩምባ ተነፍቶ ጧት ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሰሐኑ ተቆጥሮ ይገኛል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ዕቃ ጠባቂው ይታወቃሉ። አንድ ሰሐን ቢጎድል ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። እኛ እዚህ አገር መጥተን የተውነው ነገር ቢኖር ይህን ሥርዐት ነው። ሁላችንም ሁሉን እንሠራለን እንላለን፤ በመጨረሻም ውኃ የሚያመጣ ሰው ይጠፋል።

በስደት ያለነውም ቢሆን ትልቅ ነገር መሥራት እንደምንችል የሚያሳይ ምስክር አለን። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ሲመሠረት የመጀመሪያው ውድድር እዚሁ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ውስጥ በጥቂት ቡድኖች ተጀመረ። ዛሬ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሳምንት ከመላው አሜሪካና ከካናዳ ብዙ ቡድኖችና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን የሚያሰባስብ በዓል ሆኗል። ከተማችን ዳላስም በ2012 እና በ2018 አስተናግዳዋለች። ኳሱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሜዳ መከራየት፣ የምግብና የዕቃ ሻጮችን ድንኳን መደልደል፣ ሆቴል መያዝ፣ የዓርቡን የኢትዮጵያ ቀን ማሰናዳት፣ መኪና ማቆሚያና ጥበቃ ማዘጋጀት፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚሠራው ቀን በሌላ ሥራ ላይ በሚውሉ ሰዎች ነው። የ2012ቱ በዓል ደግሞ ሌላም ትምህርት ሰጥቶናል። በዚያው ሰሞን ከፌዴሬሽኑ ተለይቶ የወጣ ወገን ሌላ ውድድር በዋሽንግተን ዲሲ አዘጋጀ፤ ሰዉም ተከፈለ። ማን ልክ ነበር ለማለት አይደለም። ትልቅ ዝግጅት የሚፈርሰው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በአዘጋጆቹ መካከል ባለ ስምምነት ማጣትም መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ቀኑና ቦታው

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ቀን መቁረጥ ነው። ብዙ ጊዜ ቀን የምንቆርጠው ዘፋኙ የሚመቸውን ቀን ጠይቀን ነው። ይህ ከጅራት መጀመር ነው። በቅድሚያ መጠየቅ ያለባት ቴክሳስ ናት።

በ1980 የበጋ ወራት በዳላስና በፎርት ወርዝ ሙቀቱ ለ42 ተከታታይ ቀናት ከ100 ዲግሪ ፋራናይት በታች አልወረደም፤ ቀን ቀን ማለቴ ነው። በዚያው ዓመት ጁን 26 እና 27 ቀን 113 ዲግሪ ደረሰ። በ2011 ደግሞ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆኑት ቀናት 71 ነበሩ። እንግዲህ በጁላይ ወይም በኦገስት ሜዳ ላይ ዝግጅት የሚያደርግ ሰው ጥላ፣ ውኃ፣ በረዶና የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ሳያዘጋጅ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን መጥራት የለበትም። የልጆች ጨዋታና የስፖርት ውድድር በጧት፣ ሙዚቃው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ሙቀቱን ብንሸሽና ወደ ፀደይ ብንሄድ ደግሞ ማዕበልና በረዶ ይጠብቁናል። በ1995 ሜይ 5 ቀን በፎርት ወርዝ በትሪኒቲ ፓርክ የሜይፌስት በዓል ይከበር ነበር። 10,000 ያህል ሰው በሜዳው ላይ እያለ እንደ ኳስ የሚያክል በረዶ ወረደበት። በዚያ ማዕበል ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ቆሰሉ፤ በዳላስ በኩል ደግሞ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጠፋ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። በሜዳ ላይ ለሚደረግ ዝግጅት ሰማዩን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ። ይህ ሰው ጥብስ አይጠብስም፣ ቲኬት አይሸጥም። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያውን ይከታተላል። ነጐድጓድ ከተሰማ ሰዉ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪናው ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጐድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አይመለስም። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም። "ዝግጅቱ ይቁም" የሚለውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። ያን ጊዜ ስብሰባ የሚጠራበት ጊዜ አይኖርም።

የከተማውንም የቀን መቁጠሪያ ማየት ያስፈልጋል። የእኛ አዲስ ዓመት የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ሲሆን፣ የአሜሪካን ፉትቦል ወቅት የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ካውቦይስ በሚጫወቱበት ቀን በአርሊንግተን አካባቢ ዝግጅት መጥራት እንግዳን መንገድ ላይ ማስቀረት ነው። መስቀል ሲደርስ ደግሞ በፌር ፓርክ የቴክሳስ ስቴት ፌር ይጀምራል፤ 24 ቀን ይቆያል። በሌላው ጊዜ ግን ፌር ፓርክ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ የዳርት አረንጓዴ መስመር ባቡር ከ2009 ጀምሮ በሩ ላይ ይቆማል። መኪና የማይነዱ ወላጆቻችንን ማሰብ አለብን። መኪና ለሚነዱትም ሒሳብ እንሥራ። በአንድ መኪና ሦስት ሰው ይመጣል ብንል፣ ለ1,200 ሰው 400 መኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል። ቦታውን ሄዶ በእግር ረግጦ ሳይቆጥር ውል የሚፈርም ሰው አይኑረን።

ሰውን መቁጠር

አሁን ወደ እኔ ስሕተት ልመለስ። የአዳራሽ ልክ አንድ ቁጥር አይደለም። በአሜሪካ የሕንፃ ደንብ ወንበር ብቻ ተደርድሮ ከሆነ ለአንድ ሰው 7 ስኩዌር ጫማ ይታሰባል። ጠረጴዛና ወንበር ከሆነ 15 ነው። ለቆመ ሰው 5 ነው። የእኛን 6,000 ስኩዌር ጫማ ለ7 አካፍሉት፤ 857 ይመጣል። ለ15 አካፍሉት፤ 400 ይመጣል። የአከራዩ ወረቀት ሐሰት አልነበረም። እኔ ግን እንጀራ በጠረጴዛ ላይ እንደሚበላ ረስቼ ነበር። መድረክ፣ የባንድ ቦታ፣ የምግብ መደርደሪያና የጭፈራ ቦታ ሲቀነስ ደግሞ ከ400ም ያንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠረጴዛው፣ መድረኩ፣ የምግቡ ቦታና የጭፈራው ቦታ በወረቀት ላይ ይሣል፤ ሥዕሉ ለአዳራሹ ኃላፊና ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ይታይ፤ ቁጥሩ ሲጸድቅ ብቻ ቲኬት ይታተም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በ2011 ፌብሩዋሪ 6 ቀን በአርሊንግተን ሱፐር ቦውል ሲደረግ ተጨማሪ ጊዜያዊ መቀመጫዎች ተተክለው ነበር። ከነሱ መካከል 1,250 ያህሉ በሰዓቱ ተሠርተው ለአገልግሎት ብቁ ሳይሆኑ ቀሩ። 850 ያህል ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ፣ 400 ያህሉ ግን ቲኬታቸውን እንደያዙ መቀመጫ አጡ። ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ዝግጅት ከተሳሳተ፣ እኛማ ሁለት ጊዜ ቆጥረን ሦስተኛ መቁጠር ይገባናል።

የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪውን እንደ ጠላት ያየሁት ያን ሌሊት ነው። አሁን ግን አመሰግነዋለሁ። በ2003 ፌብሩዋሪ 20 ቀን በሮድ አይላንድ በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ እሳት ተነሥቶ 100 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሌላ መውጫ እያለ የሮጡት ወደ ገቡበት በር ነበር። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን በር ይፈልጋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሲከፈት ከመልካም ምኞቱ ቀጥሎ የመድረክ መሪው በአማርኛና በእንግሊዝኛ መውጫዎቹን በጣቱ እያመለከተ ይናገር። ከ500 ሰው በላይ ለሚይዝ አዳራሽ ሦስት፣ ከ1,000 በላይ ለሚይዝ አራት መውጫ ያስፈልጋል። በመውጫው ላይ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ወይም የለስላሳ ካሳ አይደረደር። በትልልቅ ዝግጅቶች ላይም ለ250 ሰው አንድ የሠለጠነ ሰው ተቆጣጣሪ እንዲኖር ደንቡ ይጠይቃል። ለ1,000 እንግዳ አራት ሰዎች ማለት ነው። ይህ የእኛው አጋፋሪ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

ሰልፍን በተመለከተ ከአገራችን ጥሩ ትምህርት አለን። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ2001 በአዲስ አበባ በ10,000 ሰው ያህል ተጀምሮ ከጊዜ በኋላ ከ40,000 በላይ ደርሷል። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ ይረጋገጣል፤ ስለዚህ ፈጣኑና ዝግተኛው በየተራው ይነሣል። እኛም ለራት 700 ሰው በአንድ ጊዜ "ምግብ ቀርቧል" ብለን አንጥራ። በጠረጴዛ ቁጥር፣ ከሽማግሌዎችና ከልጆች ጀምሮ በየተራ ይጠራ። የምግቡም መደርደሪያ ከአንድ ይልቅ አራት ይሁን፤ በሁለቱም ወገን ይነሣበት።

መድረክ፣ ድንኳን፣ እሳት

በ2020 ጃኑዋሪ 20 ቀን በጐንደር በፋሲለደስ መዋኛ የጥምቀት በዓል ሲከበር በእንጨት የተሠራ ጊዜያዊ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። በደስታው ቀን የመጣ ኀዘን ነው። ከዚህ ኀዘን መማር ካለብን፣ ሰው የሚቆምበትንና የሚቀመጥበትን ነገር በርካሽ አንግዛ፤ "የእገሌ ወንድም አናጢ ነው" ብለን አንሥራ። ፈቃድ ካለው ድርጅት እንከራይ፤ በላዩ ላይ የሚወጣው ሰው ቁጥር ይጻፍ፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የሚያወርድ ሰው ይቁም። ሙሽሮች ሲጨፍሩ፣ ዘፋኙ ሲሸለም፣ ሁላችንም መድረክ ላይ እንወጣለን። ይህ ልማዳችን በዚህ በዓል ላይ ይቅርልን።

ከ400 ስኩዌር ጫማ ለሚበልጥ ድንኳን የእሳት አደጋ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለደመራም ከፎርት ወርዝ እስከ ዳላስ በየከተማው ደንቡ ይለያያልና አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ በድርቅ ጊዜ አውራጃው እሳት ማንደድን በሙሉ ሊከለክል ይችላል። የቡናችንም ነገር አለ። በአዳራሽ ውስጥ ከሰል ማያያዝ አይፈቀድም፤ የከሰል ጢስም ሳይታወቅ ሰውን ይገድላል። ዕጣኑም የጢስ መጠቆሚያውን አስጩኾ አዳራሹን ሊያስለቅቅ ይችላል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ዕጣኑ ለአዳራሹ ኃላፊ ተነግሮ በጥቂቱ ይጨስ። ሥርዐቱ ሲቀንስ ቅር ይለናል፤ ግን ሰው ከሚሸሽ ይሻላል።

ምግቡ

በሜዳ ወይም በአዳራሽ ለሕዝብ ምግብ ለመሸጥ የጤና መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪው የሚይዘው ትልቁ መሣሪያ ቴርሞሜትር ነው። ትኩስ ምግብ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት በላይ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ከ41 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። በመካከሉ ያለው ነው በሽታ የሚያራባው። ዶሮ ወጡ ከየቤቱ በድስት ተጭኖ አርባ ማይል ሲመጣ በመካከሉ ይውላል። ስለዚህ ሙቀት የሚይዝ ሣጥን እንከራይ። ጥሬ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ደግሞ በትልቅ ዝግጅት ላይ አይቅረብ፤ ይህን የምለው ክትፎ ጠልቼ አይደለም፤ 800 ሰው በአንድ ቀን ቢታመም ማኅበራችን ዐሥራ አንደኛ ዓመቱን አያከብርም። በጾም ቀን ከዋለ የጾሙ ምግብ ከበቂ በላይ ይሁን። ሙስሊም ወገኖቻችን በማኅበሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሉና፣ የሐላል ሥጋው በተለየ ጠረጴዛ፣ በተለየ ጭልፋ፣ በግልጽ ጽሑፍ ይቅረብ።

ገንዘቡ

አንድ ሰው እምነቱን የሚያጣው ገንዘብ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ሳይነገረው ሲቀርም ነው። ስለዚህ ከአሁኑ በዓል ጀምሮ ሦስት ነገር እንወስን።

አንደኛ፣ ቲኬት ሁሉ ተራ ቁጥር ይኑረው፤ የተሰጠው ሰውም ይፈርምበት። ሁለተኛ፣ በር ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ሁልጊዜ በሁለት ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ይቆጠር፤ በዚያው ሌሊት ባንክ ይግባ፤ በማንም ቤት አይደር። ሦስተኛ፣ በ30 ቀን ውስጥ ገቢና ወጪው ታትሞ ለአባላት ይታደል፤ ኪሳራም ቢሆን።

በጀት ሲወጣም ገቢውን በሩብ ቀንሰን ወጪውን በሩብ ጨምረን እናስላ። ሕዝባችን ቲኬት የሚገዛው በር ላይ ነው። ይህን ልማድ በስብከት መለወጥ አልቻልንም። አስቀድሞ የገዛ በርካሽ እንዲያገኝ፣ በር ላይ የሚገዛ እንዲጨምር ማድረግ ግን ይቻላል። የአዳራሽ አከራዮችና ከተሞች ብዙውን ጊዜ የኃላፊነት መድን ይጠይቃሉ፤ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን መሆኑ የተለመደ ነው። ይህ በመጨረሻው ሳምንት የሚፈለግ ወረቀት አይደለም። መጠጥ የሚሸጥ ከሆነም የቴክሳስ የአልኮል ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ደግሞም ማኅበራችን ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ነው። ዓመታዊ ገቢው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ድርጅት አጭሩን ዓመታዊ ማስታወቂያ በኮምፒዩተር ይልካል፤ ከበለጠ ግን ረዘም ያለውን ቅጽ መሙላት አለበት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳይልክ የቀረ ድርጅት መብቱ በራሱ ጊዜ ይሠረዛል። አንድ ትልቅ በዓል ገቢያችንን ከዚያ መስመር ሊያሻግረው ስለሚችል ገንዘብ ያዣችን ከወዲሁ ያስብበት።

ሰዓቱና ሰዎቹ

ስለ ሰዓት መናገር ያሳፍራል፤ ግን ልናገር። "የሐበሻ ቀጠሮ" እያልን እንስቃለን። አዳራሹ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚከራየው። በ12 ሰዓት ተብሎ በ3 ሰዓት የሚጀመር ዝግጅት፣ በሰዓቱ የመጣውን አክባሪ ሰው ይቀጣል፤ የዘገየውን ይሸልማል። እኔ የማቀርበው መፍትሔ ይህ ነው፤ የልጆቹ ዝግጅት በተባለው ሰዓት፣ አሥር ሰው ብቻ ቢኖርም ይጀመር። የልጁን ጭፈራ አንድ ጊዜ ያመለጠው ወላጅ ሁለተኛ አይዘገይም።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ኃላፊና አንድ ምክትል ይሰየም። ስማቸውና ስልካቸው በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሁሉም ይታደል። ከሁሉ በላይ የበዓሉ ሰብሳቢ በዕለቱ እጁ ባዶ ይሁን። እኔ በዚያ ሌሊት ተቆጣጣሪው ሲመጣ እንጀራ ከመኪና እያወረድኩ ነበር። የሚፈልገኝ ሰው አላገኘኝም። መሪ የሆነ ሰው ዕቃ አይሸከም፤ የሚሸከሙትን ይይ። የጠፋ ልጅ የሚመጣበት አንድ ጠረጴዛ ይኑር፤ ልጁም ለሚያውቀው አሳዳጊ እንጂ "አጎቱ ነኝ" ላለ ሁሉ አይሰጥ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ ተበትነን አንቅር፤ በሳምንቱ ተገናኝተን የተሳካውንና የተበላሸውን ጽፈን ለሚቀጥለው ኮሚቴ እናስረክብ። ማኅበራችን በዐሥር ዓመት ዐሥር ኮሚቴ ለውጧል፤ እያንዳንዱም ከዜሮ ነው የጀመረው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለው ምሳሌ ስለ እኛ የተነገረ ይመስላል።

ወገኖቼ፣

ይህን ሁሉ ስዘረዝር በዓሉን የፍርሃት አስመስየው ከሆነ ይቅርታ። ጥንቃቄው የደስታው ጠባቂ ነው። እንግዳው መውጫ በሩን፣ ቴርሞሜትሩን፣ የመድኑን ወረቀት ባያይ ደስ ይለኛል። እሱ የሚያየው ልጁ በአማርኛ ሲዘምር፣ እናቱ ከዐሥር ዓመት በፊት ያየቻትን ጎረቤት ስታቅፍ ነው። እኛ ግን አይተንለት መሆን አለበት።

ንግግሬን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ወር የበዓሉን መጥሪያ ይዤ ወደ ፎርት ወርዝ ሄጄ ነበር፤ ወደ እኚያ እናት ቤት። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለዚያ ሌሊት አላነሡም፤ እኔ አነሣሁት። ይቅርታም ጠየቅኩ። መጥሪያውን አገላብጠው አዩና፣ "የስንት ሰው ቦታ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩን ነገርኳቸው። "በጠረጴዛ ነው ወይስ በወንበር?" አሉኝ።

በጠረጴዛ ነው አልኳቸው። እመጣለሁ ብለዋል። የልጅ ልጆቻቸውም አሁን አድገው ከበጎ ፈቃደኞቻችን መካከል ተመዝግበዋል፤ ዛሬም እዚሁ በመካከላችን አሉ። በዓሉ ቀን ቆሜ የምጠብቀው በር ላይ ነው፤ በሩ ቲኬት ለያዘ ሰው ሁሉ ክፍት ሆኖ ማምሸት አለበት። በዚህ እንድታግዙኝ አደራ እላችኋለሁ።